ጉበቱ ላይ ስብ የተገኘበትን ሰው ቤተሰብ እንዴት ያግዘው?

የምንኖረው ቱሉ ዲምቱ ነው። ባለቤቴ የጭነት መኪና ሹፌር ነው። ለሌላ ጉዳይ አልትራሳውንድ ሲነሳ ጉበቱ ላይ ስብ ተገኘ። ሐኪሞቹ ፋቲ ሊቨር ይሉታል። ብዙ ጊዜ ሕመም የለውም፤ ሰው የሚዘናጋውም ለዚህ ነው። ዜናው ድንገት ለደረሳችሁ፣ ለእኛ የሠራልንን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ቀጠሮው ላይ አብራችሁ ግቡ። ወጥ የሚሠራው ሰው ሐኪሙን በገዛ ጆሮው ይስማ። ብቻውን የሄደ ሰው «ቅባት ቀንስ አሉኝ» ብሎ ነገሩን ይዘጋዋል። ጠይቁ፦ ስኳሩ፣ ግፊቱ፣ ኮሌስትሮሉ ስንት ነው? ጉበቱ ጠባሳ ጀምሯል ወይ? ስንት ኪሎ ይቀንስ? ከክብደት 5 በመቶ መቀነስ የጉበቱን ስብ ያሳንሳል። ከ7 እስከ 10 በመቶ ሲደርስ ደግሞ የጉበቱን መቆጣት (ብግነት) ጭምር ያበርዳል። 90 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ከ6 እስከ 9 ኪሎ ማለት ነው። ግን ቀስ ተብሎ፣ በሳምንት ከግማሽ እስከ አንድ ኪሎ። በረሃብ መቅጣት ጉበቱን ይብስ ሊጎዳው ይችላል።

ከዚያ ወደ ድስቱ። ለእሱ ለብቻው አትሥሩ። የተለየ ሳህን የቀረበለት ሰው ሆድ ይብሰዋል፤ ውሎ አድሮ ከልጆቹ ሳህን ይቆርሳል። ለሁሉም አንድ ወጥ ይሠራ። ዘይት ከጠርሙሱ አይንቆርቆር፣ በሾርባ ማንኪያ ይለካ። አንዱ ማንኪያ ብቻ 120 ካሎሪ ገደማ አለው። ሽንኩርቱን መጀመሪያ ያለ ዘይት አቁላሉት። ድስቱን መያዝ ሲጀምር ውሃ ጠብ ጠብ አድርጉበት፤ ዘይቱ ኋላ ይግባ። ሽሮውም ምስሩም እንዲህ ይጣፍጣል። ትሪው ላይ ጎመንና ሰላጣ ይብዛ፣ እንጀራው ይነስ።

ለስላሳ ከቤት ይውጣ። እዚህ ላይ አልደራደርም። 300 ሚሊ ሊትር ኮላ ውስጥ 30 ግራም ገደማ ስኳር አለ፤ ጉበት ደግሞ የተረፈውን ስኳር ወደ ስብ ይለውጠዋል። ጠላውም አረቄውም ይቅር። ቡናውን ግን አትከልክሉት፣ ያለ ስኳር ይጠጣ።

ከሁሉም የሚከብደው «ብላልኝ፣ በሞቴ» የሚለው ነው። አማቴ ልጃቸው ከመንገድ ሲመለስ ካላጎረሱት ፍቅራቸውን የነፈጉት ይመስላቸዋል። እሱም የእናቱን እጅ አይመልስም፤ ሊመልስም አይገባም። «እማዬ፣ ጉርሻውን አይተዉት፣ በጎመን ያድርጉለት» አልኳቸው። ዛሬ ለቅሶ ቤትም ሆነ ማኅበር ላይ «ልጄን ሐኪም ከልክሎታል፣ ተዉት» የሚሉት እሳቸው ናቸው። በእናንተም ቤት ቃሉ የሚከበር አንድ ትልቅ ሰው አይጠፋም። እሱን ከጎናችሁ አሰልፉ። የሚስት ልመና የማያስቆመውን ጉርሻ የእናት አንድ ቃል ያስቆመዋል።

እንቅስቃሴው በሳምንት 150 ደቂቃ ፈጠን ያለ እርምጃ ነው፤ 30 ደቂቃ በ5 ቀን። ከእራት በኋላ ልጆቹን ይዛችሁ በሰፈር ውስጥ አብራችሁት ውጡ። ክረምት ጭቃው ሲከፋ የኮንዶሚኒየሙ ደረጃ አለ።

«ዛሬ ምን በላህ?» እያላችሁ አትመርምሩት፤ መዋሸት ታስለምዱታላችሁ። ይልቅ ምሳ ቋጥሩለት። የተቀቀለ እንቁላል፣ የሽምብራ ቆሎ፣ ካሮት፣ የሚጠጣ ውሃ። መንገድ ላይ ሲርበው እጁ ሥር ያለው ነው የሚበላው።

ጎረቤት «ጉበት ያጥባል» ብሎ ቅጠል ያመጣ እንደሆነ አመስግናችሁ አስቀምጡት። አንዳንዱ ቅጠል ራሱ ጉበት ይጎዳል። ሐኪም የሰጠውን ኪኒንም በራሳችሁ አታቋርጡ።

ዓይኑ ቢጫ ከሆነ፣ ሆዱ ካበጠ፣ ደም ካስታወከ ወይም ንግግሩ ከተዘበራረቀ ቀጠሮ አትጠብቁ፤ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ውሰዱት።