ትንሽ ኮችቢልት ሞተርሆም እንዴት ይመረጣል?

ሞተርሆም መኝታና ማብሰያ ያለው፣ እየተነዱ የሚያድሩበት መኪና ነው። በብሪታንያ ኮችቢልት የሚባለው ሞተርሆም፣ የመኪናው ፋብሪካ ጋቢናውንና ሻንሲውን ብቻ ሠርቶ ያስረክብና ከጋቢናው ጀርባ ያለውን መኖሪያ ሌላ ድርጅት ወለል፣ ግድግዳና ጣሪያ እየገጣጠመ የሚያቆመው ነው። ከዕቃ መጫኛ ቫን ተቀይሮ የሚሠራው ግን አካሉ ወጥ ብረት እንደሆነ ይቀራል። መገጣጠሙ ቀጥ ያለ ግድግዳ፣ ሰው የሚዞርበት መታጠቢያ ክፍልና ብርድን የሚከላከል ወፍራም ገላ ያስገኛል፤ ይሁን እንጂ እያንዳንዱ መገጣጠሚያ ከዓመታት በኋላ ዝናብ ሊሰርግበት ይችላል። ይህን የተማርኩት ከ3,000 ፓውንድ በላይ ከፍዬ ስለሆነ፣ ከዚህ በታች አንዳንዱን ደረጃ በአንድ መስመር አልፌው እርጥበቱ ላይ ስቆይ አንባቢ እንዳይገረም።

ትንሽ ስል ርዝመቱ 6 ሜትር ገደማ ወይም ከዚያ በታች የሆነውን፣ ሁለት ሰው ተመችቶት፣ አራት ሰው ደግሞ ተቻችሎ የሚያድርበትን ማለቴ ነው። የምጽፈውም ከሰው እጅ ስለሚገዛ ያገለገለ ሞተርሆም ነው።

1. መንጃ ፈቃድዎንና ደጅዎን ይመልከቱ

በብሪታንያ የመኪና መንጃ ፈተናውን እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 ቀን 1997 ወዲህ ያለፈ ሰው፣ ተጨማሪ ፈተና ካልወሰደ በቀር፣ መንዳት የሚፈቀድለት የናፍጣም ሆነ የቤንዚን ሞተርሆም ጠቅላላ ክብደቱ ከ3,500 ኪሎ የማይበልጠውን ብቻ ነው። አብዛኞቻችን ወደዚህ አገር የመጣነው ከዚያ በኋላ ስለሆነ ገደቡ እኛንም ይመለከታል። ሻጩ «በወረቀት 3,850 ማድረግ ይቻላል» ቢልዎት እውነቱን ሊሆን ይችላል፤ መኪናው ሲፈቀድለት ግን እርስዎ መንዳት ይከለከላሉ።

ከዚያ ሜትር ይዘው ደጅዎን ይለኩ። በብሪታንያ የተለመደው የመኪና ማቆሚያ 4.8 ሜትር በ2.4 ሜትር ነው፤ ትንሽ የሚባለው ሞተርሆም እንኳ በርዝመቱ ያልፈዋል፣ ስፖኪዮዎቹ ሲዘረጉ ደግሞ በጎኑም ይጠብበዋል። ቁመቱንም አይርሱት። ከጋቢናው በላይ አልጋ ያለው ዓይነት ብዙ ጊዜ ከ3 ሜትር ይበልጣል፤ የመንገድ ክፍያ በሚጠየቅባቸው የፈረንሳይ አውራ ጎዳናዎች ላይ ደግሞ ከ3 ሜትር በታች የሆነው በሁለተኛው መደብ፣ 3 ሜትርና ከዚያ በላይ የሆነው በውዱ ሦስተኛ መደብ ይከፍላል። በፈረንሳይ በኩል አልፎ ጀርመን ያሉ ዘመዶቹን በየዓመቱ የሚጠይቅ ቤተሰብ በዚህ ልዩነት ብቻ ዝቅ ያለውን ቢመርጥ አልፈርድበትም። ለንደን ውስጥ ለሚነዳ ሰው ደግሞ የናፍጣ ሞተሩ ዩሮ 6 የሚባለውን የጭስ ልቀት ደረጃ ካላሟላ በቀን 12.50 ፓውንድ ይከፈልበታል። ሰሌዳ ቁጥሩን በከተማዋ የትራንስፖርት ድረ ገጽ ላይ አስገብቶ ማጣራት ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

2. ክብደቱን በወረቀት ላይ ይደምሩ

ሻጮች ስለ አልጋና ስለ ቴሌቪዥን እንጂ ስለ ጭነት አቅም አያወሩም። ጠቅላላ ክብደቱ 3,500 ኪሎ የሆነና ለጉዞ ሲዘጋጅ 3,150 ኪሎ የሚመዝን ሞተርሆም እናስብ። ሾፌሩ በ75 ኪሎ ሒሳብ፣ ነዳጁም እንዲሁ ተቆጥረዋል፤ የቀረው 350 ኪሎ ነው። የባለቤትዎና የሁለት ልጆች ክብደት 125 ቢሆን 225 ይቀራል። ቀድሞ የነበረው ባለቤት የገጠመው የጥላ ድንኳን፣ ሁለተኛው ባትሪና የብስክሌት መስቀያው 70 ቢወስዱ 155 ይሆናል። ፋብሪካው ብዙ ጊዜ በሒሳቡ የሚያስገባው ከውኃው 20 ሊትር ያህሉን ብቻ ስለሆነ፣ የ100 ሊትሩን ጋን ሲሞሉት 80 ኪሎ ይጨመራል፤ 75 ቀረ። ከዚህ ላይ ልብስ፣ ብርድ ልብስ፣ ወንበር፣ ድስት፣ ጀበና፣ ለአክስት ልጅ የሚወሰደው 25 ኪሎ የጤፍ ዱቄት አለ። የአውሮፓ ደንብ ፋብሪካው ከተሳፋሪዎች ክብደት ውጪ ለዕቃ እንዲተው የሚያስገድደው ዝቅተኛ መጠን የሰዎቹ ብዛትና የሜትሩ ርዝመት ተደምሮ በ10 ሲባዛ የሚገኘው ስለሆነ፣ ለአራት ሰውና ለ6 ሜትር መኪና 100 ኪሎ ብቻ ነው።

ስለዚህ የማስታወቂያውን ቁጥር አይመኑ። የሚገዙትን መኪና ራሱን የምድር ሚዛን ላይ አውጥተው የፊቱንና የኋላውን አክስል ለየብቻ ያስመዝኑ፤ ጠቅላላው ልክ ሆኖ የኋላው አክስል ከተፈቀደው በላይ የተጫነ ሞተርሆም ብዙ ነው።

3. ውስጡን ኑረውበት ይፈትሹ

ጫማዎን አውልቀው ይተኙበት። አልጋውን በገዛ እጅዎ ዘርግተው ያጥፉት፤ ሻጩ እንዲያሳይዎት አይፍቀዱ፣ እሱ ለምዶታል። ሽንት ቤቱ ውስጥ ገብተው በሩን ዘግተው ይቀመጡ። የመኝታውን ብዛት ከቀበቶ መቀመጫው ብዛት ጋር ያስተያዩ፤ አራት አልጋና ሁለት ቀበቶ ብቻ ያለው መኪና ልጆች ላሉት ሰው አይሆንም።

በ6 ሜትር ውስጥ ቋሚ አልጋ ማስገባት ለእኔ የቦታ ብክነት ነው። አንድ ጥግ የሚይዘው፣ እግርጌው የተቆረጠው አልጋ ምቹ ቢመስልም ከግድግዳ በኩል የተኛው ሰው ሌሊት ለመውጣት ሌላውን መሻገር አለበት፤ ቀን ደግሞ ግማሹ ክፍል ሥራ ይፈታል። ከኋላ ክብ መቀመጫ ያለውና ማታ አልጋ የሚሆነው አሠራር አምስት ሰው ቁጭ ብሎ ቡና የሚጠጣበት ነው። ቡናው ግን በጋዙ ምድጃ ይፈላ፤ ከሰል ውስጥ ማቀጣጠል፣ መስኮት ተከፍቶም ቢሆን፣ በካርቦን ሞኖክሳይድ ይገድላል። ምጣድ ይዘው ለመሄድ የሚያስቡም ከሆነ አንዳንድ ካምፕ የሚሰጠው መብራት 10 አምፔር፣ ማለትም 2,300 ዋት ያህል ብቻ እንደሆነ ይወቁ፤ የ1,500 ዋት ምጣድና የኤሌክትሪክ ማሞቂያው አብረው ሲበሩ ቆጣሪው ይወድቃል፣ ጎረቤትም ጨለማ ውስጥ ሊቀር ይችላል።

4. እርጥበቱን ይፈልጉ

መጀመሪያ የደረሰብኝን ልናገር። የመጀመሪያዬን ሞተርሆም ያየሁት በኦገስት ወር፣ ሦስት ሳምንት ያህል ዝናብ ባልጣለበት ጊዜ ነበር። ሻጩ መስኮቱን ሁሉ ከፍቶ፣ ሽቶ ረጭቶ ጠበቀኝ። የልብስ ሳጥኖቹ በዕቃ ሞልተው ስለነበር ባዶ አድርገህ አሳየኝ ማለት ነውር መሰለኝ፤ ተሸማቅቄ ተውኩት። በኦክቶበር መጨረሻ ሌሊቱን ሙሉ ዝናብ ሲወርድ አድሮ ጠዋት ከኋላው መስኮት ሥር እጄን ባሳርፍ ግድግዳው እንደ ፍራሽ ሰመጠ። ጋራዥ ወስጄው ኮምፔንሳቶው ሲነሳ፣ ከውስጥ ያለው የእንጨት ማዕቀፍ እንደ በሶ በጣት ይፈረፈር ነበር። መካኒኩ አንዱን ቁራጭ አንስቶ ጨመቀው፤ ውኃ ጠብ አለ። ያ ውኃ በአንድ ክረምት የገባ አልነበረም።

ነገሩ የሚሆነው እንዲህ ነው። ግድግዳና ጣሪያ የሚገናኙበት ጠርዝ በረጅም የአሉሚኒየም ዘንግ ተሸፍኖ በብሎን ይታሰራል፤ ከሥሩ ውኃ እንዳያስገባ የሚለጠፍ ለስላሳ ማጣበቂያ አለ። መኪናው በየመንገዱ ሲንገጫገጭ፣ ማጣበቂያውም በፀሐይና በብርድ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ውኃው በብሎኑ ቀዳዳ ይገባል። ችግሩ ውኃ በገባበት ቦታ አለመታየቱ ነው። ከጣሪያው ጥግ ገብቶ በግድግዳው ውስጥ ተንሸራቶ ወለሉ ጋ ሊወጣ ይችላል፤ ስለዚህ እድፍ ያዩበት ቦታ ቀዳዳው ያለበት ነው ብለው አይደምድሙ። በቅርብ ዓመታት ከተሠሩት አንዳንዶቹ በእንጨት ፋንታ በፕላስቲክ ማዕቀፍ የተሠሩ በመሆናቸው አይበሰብሱም፤ ማፍሰስ ግን እነሱም ያፈሳሉ።

ሲፈትሹ ከአፍንጫ ይጀምሩ። በሩ እንደተከፈተ የምድር ቤት ሽታ ወይም ከልክ ያለፈ ሽቶ ከመጣ ይጠንቀቁ። ቀጥሎ ሳጥኖቹ ሁሉ ባዶ እንዲሆኑ ይጠይቁ፤ እኔ የተሸማቀቅኩትን እርስዎ አይሸማቀቁ። የእጅ ባትሪ ይዘው ብርሃኑን በግድግዳው ላይ በጎን ያሳርፉት፤ የተነፋ የግድግዳ ወረቀት በፊት ለፊት ብርሃን አይታይም፣ በጎን ብርሃን ግን ጥላ ይጥላል። ከዚያ በአውራ ጣትዎ የመስኮቶቹን ሥር፣ የጣሪያውን መስኮት ዙሪያ፣ ከጋቢናው በላይ ያሉትን ጥጎች፣ የጥላ ድንኳኑ የታሰረበትን መስመር፣ የኋላ መብራቶቹን ጀርባ እየጫኑ ይሂዱ። ወለሉንም በተረከዝዎ ይርገጡት፤ በሩ አጠገብና ከመታጠቢያው ፊት ለፊት የሚለምጥ ከሆነ የወለሉ ንብርብሮች ተላቅቀዋል ማለት ነው። ከውጭ ደግሞ አንድ ጥግ ላይ ብቻ አዲስ ነጭ ሲሊኮን ካዩ፣ ለምን እንደተቀባ ይጠይቁ።

የእርጥበት መለኪያ መግዛት ግዴታ ነው ባይ ነኝ። ሁለት መርፌ ያለው፣ ከ30 ፓውንድ በታች የሚገኘው ይበቃል፤ ውዱ የሚጨምረው ምቾት ነው። እንደ አብዛኛው መካኒክ አስተያየት እስከ 15 በመቶ ያለው ንባብ ደህና ነው፣ ከ15 እስከ 20 ያለው ክትትል ይፈልጋል፣ ከ20 በላይ ያለው መነሻው መፈለግ አለበት፣ ከ30 ያለፈ ከሆነ እንጨቱ ሳይጎዳ አልቀረም። ሆኖም አንድ ቁጥር ብቻ ይዘው አይፍረዱ። ከግድግዳው ወረቀት ጀርባ ብረት ካለ መለኪያው ይዋሻል፤ ሰው አድሮበት የነበረ መኪናም ከትንፋሽ በሚመጣ ጤዛ በየቦታው ከፍ ያለ ንባብ ያሳያል። የሚያስፈራው አካባቢው ሁሉ 12 ሆኖ አንድ ጥግ 26 ሲያሳይ ነው። መርፌው ቀዳዳ ስለሚተው ከመውጋትዎ በፊት ባለቤቱን አስፈቅደው በተሸሸገ ቦታ ብቻ ይለኩ።

በዚህ አጋጣሚ የመኖሪያ ክፍሉ የዓመታዊ ምርመራ ወረቀቶች ካሉ አንድ በአንድ ይዩአቸው። ፋብሪካዎች ለውኃ መስረግ የሚሰጡት የብዙ ዓመት ዋስትና የሚጸናው ምርመራው በየዓመቱ በወቅቱ ከተደረገ ነው፤ የአንድ ዓመት ማኅተም ከጎደለ ዋስትናው ያበቃለት ይሆናል። ኤም ኦ ቲ የሚባለው ዓመታዊ የመኪና ምርመራ ፍሬንና መብራትን እንጂ የመኖሪያውን ግድግዳ አይመለከትም፤ «ኤም ኦ ቲ አልፏል» የሚለው ቃል ስለ እርጥበት የሚነግርዎት ነገር የለም።

5. ሞተሩ፣ ጎማውና ወረቀቱ

ይህን ክፍል መኪና ገዝቶ የሚያውቅ ሰው ስለሚያውቀው የሞተርሆም ጠባይ የሆነውን ብቻ አነሳለሁ። ሞተርሆም ትንሽ ስለሚነዳ ጎማው ሳይበላ ያረጃል። በጎማው ጎን የተጻፉትን የመጨረሻ አራት አሃዞች ያንብቡ፤ 2319 ማለት እ.ኤ.አ. በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ማለት ነው። የታይሚንግ ቺንጋውም እንደዚሁ በተነዳው ርቀት ብቻ ሳይሆን በዕድሜም ይቀየራል፤ «ገና 20,000 ማይል ነው» የሚለው መልስ ለአሥር ዓመት መኪና መልስ አይደለም። ሲደርሱ ሞተሩ ሞቆ ከጠበቀዎት፣ ሲቀዘቅዝ ተመልሰው ይምጡ።

ሊብሬው ላይ ያለው ስም የባለቤትነት ማስረጃ እንዳልሆነ በራሱ በሊብሬው ላይ ተጽፏል፤ ስለዚህ የሻንሲ ቁጥሩን ከመኪናው ጋር ያመሳክሩና ያልተከፈለ ብድር ወይም የስርቆት ታሪክ እንዳለበት በክፍያ ያስጣሩ። ያለፉት ዓመታት የኤም ኦ ቲ ውጤቶች ደግሞ በሰሌዳ ቁጥሩ በመንግሥት ድረ ገጽ ላይ በነፃ ይገኛሉ።

6. በዝናብ ቀን ይመለሱ

ሁሉም ልክ ከመሰለዎት ለሁለተኛው ጉብኝት ዝናብ ጥሎ ያደረበትን ጠዋት ይምረጡ። በብሪታንያ ይህን ቀን ለማግኘት ብዙ መጠበቅ አያስፈልግም። በዚያው ቀን ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይንዱት፣ የዕቃ ሳጥኖቹ በሮች ጉዞ ላይ እንዳይከፈቱ ይመልከቱ፣ ጋዙን፣ ውኃውን፣ ማሞቂያውንና ፍሪጁን አንድ በአንድ ያስበሩ። ቀብድ የሚከፍሉ ከሆነም፣ ገለልተኛ ባለሙያ ሲመረምረው በየትኛውም ግድግዳ ከ20 በመቶ በላይ እርጥበት ከተገኘ ቀብዱ ሙሉ በሙሉ እንደሚመለስ ደረሰኙ ላይ ያስጽፉ። ሁለተኛውን ሞተርሆሜን የሸጡልኝ አዛውንት ይህን ስጠይቃቸው ሳይከራከሩ እስክሪብቶአቸውን አውጥተው ጻፉት፤ ከእሳቸው በፊት ያየሁት ሻጭ ግን ሐረጉን እንዳነበበ ሌላ ገዢ እየመጣ ነው ብሎ ቁልፉን ኪሱ ከተተ።