ከማህፀን መውጣት ቀዶ ሕክምና በኋላ፦ ምን ያጋጥማል? ለምን? ምን ይደረግ?

ከማህፀን መውጣት (ማህፀን ከቦታው ለቆ ወደ ብልት ሲወርድ) ቀዶ ሕክምና በኋላ ብዙ ሴቶችን የሚጎዳቸው ቁስሉ ከውጭ አለመታየቱ ነው። ቀዶ ሕክምናው አብዛኛውን ጊዜ በብልት በኩል ስለሚሠራ ሆድ ላይ ጠባሳ የለም። ተነሥታ ስትራመድ ያየ ጠያቂ ሁሉ «እንኳን እግዚአብሔር ማረሽ» ይልና ቁጭ ብሎ ቡናውን ይጠብቃል። ውስጥ ግን ስፌቱ ገና ትኩስ ነው። ክሩ ቀስ በቀስ እየሟሟ ሸክሙን ለራሱ ለሰውነት ያስረክባል። ያ አዲስ ሥጋ ደህና አድርጎ እስኪጠነክር ሦስት ወር ገደማ ይፈልጋል።

በእነዚህ ወራት በተደጋጋሚ የሚያጋጥሙትን ችግሮች ከነምክንያታቸው ጽፌያለሁ። ሐኪምዎ የነገሩዎት ከዚህ ከተለየ የሐኪምዎን ይከተሉ። የአንዷ ማህፀን ተቆርጦ ተወግዷል፣ የሌላዋ የፊኛ ወይም የአንጀት በኩል ግድግዳ ተሰፍቷል፣ የሌላዋ ደግሞ የብልቱ ውስጠኛ ጫፍ ከዳሌ ጅማት ጋር ታስሯል። ሁሉም አንድ ዓይነት አይደለም።

ቀጠሮ የማይጠበቅላቸው

ሞዴስ በአንድ ሰዓት ውስጥ የሚያርስ ትኩስ ቀይ ደም ወይም ትልልቅ የረጋ ደም ካዩ ወዲያው ወደ ሆስፒታል ይሂዱ። ትኩሳት 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ብርድ ብርድ ካለዎት፣ መጥፎ ሽታ ያለው ፈሳሽ ወይም መግል ከታየ፣ የሆድ ሕመሙ እየባሰ ካስመለሰዎትም እንደዚሁ። ሽንት ሳይሰማዎት ያለማቋረጥ በብልት በኩል የሚንጠባጠብ ከሆነ «ይደርቃል» ብለው አይጠብቁ፤ ፊኛ ተነክቶ ሊሆን ይችላል።

አንድ እግር ብቻ ሲያብጥና ባቱ ሲያም በደም ሥር ውስጥ ደም ረግቶ ሊሆን ይችላል። ድንገት ትንፋሽ ካጠረ ወይም ደረት ከወጋ ያ የረጋ ደም ሳንባ ደርሶ ሊሆን ስለሚችል እኩለ ሌሊትም ቢሆን መኪና ይፈለግ። ይህ እንዳይመጣ የሚረዳው ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ቤት ውስጥ ቀስ እያሉ መራመድ ነው። ከሩቅ መጥተው ታክመው በአውቶቡስ የሚመለሱ ከሆነ መኪናው በቆመ ቁጥር ወርደው እግርዎን ያፍታቱ።

ካቴተሩ (የሽንት ቱቦው) ከወጣ በኋላ ሽንት እምቢ ካለ

አካባቢው አብጧል፣ ፊኛም ሰንፏል። ሕመሙን መፍራትም ራሱ ጡንቻውን ያስይዘዋል። ተረጋግተው ይቀመጡ፣ ወደ ፊት ጎንበስ ይበሉ፣ ለማስወጣት ግን አያምጡ። ሲጨርሱ ተነሥተው ትንሽ ይራመዱና ተመልሰው ይሞክሩ፤ ሁለተኛው ሙከራ ብዙ ጊዜ የቀረውን ያወጣል። ባይመጣብዎትም በየሦስት አራት ሰዓቱ ይሂዱ።

አራት ሰዓት ካለፈና እምቢ ካለ፣ ወይም ፊኛዎ ተወጥሮ ጠብታ ጠብታ ብቻ ከወጣ፣ ስድስት ሰዓት ሳይሞላ ጤና ተቋም ይድረሱ። ካቴተር ለጥቂት ቀናት ተመልሶ ሊገባ ይችላል። ይህ ቀዶ ሕክምናው ተበላሸ ማለት አይደለም። ሽንት የሚያቃጥል ከሆነ ደግሞ ኢንፌክሽን ሊሆን ስለሚችል ተመርምሮ መድኃኒት ይፈልጋል።

ሲያስሉ ወይም ሲስቁ ሽንት ካመለጠ

«ከመታከሜ በፊት እንኳ አያመልጠኝም ነበር» የሚሉ ሴቶች አሉ። እውነታቸውን ነው። ማህፀኑ ወይም ፊኛው ሲወርድ የሽንት ቧንቧውን አጥፎ ይዞት ነበር። ወደ ቦታው ሲመለስ ቧንቧው ቀና አለ፣ ተደብቆ የነበረው ድክመትም ወጣ።

ሐኪም ሲፈቅድ የዳሌ ወለል ጡንቻን ማሠራት ይጀምሩ። ሽንትና ጋዝ አንድ ላይ እንደሚይዙ አድርገው ወደ ውስጥና ወደ ላይ ይሳቡ፣ ከአምስት እስከ አሥር ሰከንድ ይያዙ፣ ያንኑ ያህል ይልቀቁ። አሥር ጊዜ፣ በቀን ሦስት ዙር። ትንፋሽ አይያዝም፣ መቀመጫም አይጨበጥም። ሽንት እየሸኑ አይሠራም። ሳል ሲመጣብዎት ቀድመው ይህንኑ ጡንቻ ይጭበጡት። ለውጥ ለማየት ወራት ይወስዳል። ካልተሻለ ሌላ ሕክምና ስላለው አፍረው አይደብቁት።

ሳሉ ራሱ ከቆየ ይመርመር። የማገዶ ጭስ ያለበት ማድ ቤት ከሆነ ለእነዚህ ወራት ከዚያ ይራቁ። እያንዳንዱ ሳል ስፌቱን ወደ ታች ይገፋዋል።

የሆድ ድርቀት

ይህን ረዘም አድርጌ የምጽፈው ለስፌቱ ከሸክም ባልተናነሰ ጠላት ስለሆነ ነው። ሰገራ ለማውጣት ሲያምጡ የሆድ ግፊት በሙሉ ገና በተጠገነው ግድግዳ ላይ ይወርዳል።

ምክንያቶቹ ብዙ ናቸው። እንደ ትራማዶልና ኮዴይን ያሉ የሕመም ማስታገሻዎች አንጀትን ያዘገያሉ። ለደም ማነስ የሚሰጠው የአይረን እንክብልም ያደርቃል። ብዙ ሴቶች ደግሞ መጸዳጃ ቤት መሄድን ፈርተው ውሃም ምግብም ይቀንሳሉ፤ ይሄ ነገሩን ያባብሰዋል። ጾም ሲጨመርበት ከጠዋት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ ሳይቀመስ ይዋላል። የታመመ ሰው ከጾም እንደሚፈታ የንስሐ አባትዎ ያውቃሉ፤ አማክሯቸው። ለሙስሊም እህቶችም በሽተኛ ጾሙን አፍጥሮ ሲድን ቀዳ ማውጣት ተፈቅዷል። ስግደቱም እንዲሁ፣ መሬት ደርሶ መነሣት እስኪቻል ተቀምጦ መጸለይ ይቻላል።

ውሃ በብዛት ይጠጡ፤ ሌላ ሕመም ከሌለ በቀን ከአንድ ሊትር ተኩል እስከ ሁለት ሊትር። ጎመን፣ ምስር፣ ፓፓያ፣ ብርቱካን ከነገለባው፣ የተልባ ውሃ ጥሩ ናቸው። ስጋና እንቁላል ብቻ እየበሉ «አቅም ላግኝ» ማለት አንጀትን ያስራል። ሲቀመጡ እግርዎን ትንሽ በርጩማ ላይ ያሳርፉ፣ ክርንዎን ጉልበትዎ ላይ አድርገው ጎንበስ ይበሉ። የቁጢጥ መጸዳጃ ከሆነ ችግሩ መነሣቱ ላይ ነው፤ የሚይዙት ነገር ግድግዳው ላይ ይሰራልዎት፣ ወይም መሐሉ የተበሳ ወንበር ይዘጋጅ። ሁለት ሦስት ቀን ካለፈ ማለስለሻ እንዲያዝልዎት ሐኪም ይጠይቁ። በራስዎ ኮሶ ወይም ሌላ የሚያስቀምጥ ነገር አይውሰዱ።

ደሙ ቆሞ ነበር፣ እንደገና ጀመረ

ቡናማ ወይም ሮዝ ፈሳሽ እስከ ስድስት ሳምንት ሊቆይ ይችላል። ሁለተኛውና ሦስተኛው ሳምንት ላይ ክሩ ሲሟሟ ትንሽ ደም ተመልሶ ይታያል። ቢጫ ነጭ ፈሳሽ፣ ከሱም ጋር ቁራጭ ክር ሞዴሱ ላይ ሲገኝ ብዙዎች ይደነግጣሉ። ይህ ክሩ ሥራውን ጨርሶ እየወጣ ነው። አይጎትቱት። ደሙ የጨመረው ግን ቤት ባጸዱ ወይም ልጅ ባነሡ ማግስት ከሆነ ሰውነትዎ ልክዎን እየነገረዎት ነው፤ ይተኙ።

እዚህ ላይ አጥብቄ የምለው አለ። ወይባ አይሞቁ። ጨው ውሃ ውስጥ አይዘፍዘፉ። ወደ ውስጥ ምንም አያስገቡ፣ በሳሙናም በሎሚም ውስጥዎን አይጠቡ። ከአራስ ቤት የለመድነው ነገር ሁሉ ለዚህ ቁስል አይሆንም። ከላይ በንጹሕ ውሃ ታጥቦ በንጹሕ ፎጣ ማድረቅ ይበቃል።

አንድ መቀመጫ ላይ ለብቻው የሚወጋ ሕመም

የብልቱ ውስጠኛ ጫፍ ከዳሌ ጅማት ጋር የታሰረላቸው ሴቶች፣ በተለይ በቀኝ መቀመጫ፣ እንደ ጥርስ ሕመም የሚነዘንዝ ነገር ይሰማቸዋል። በጅማቱ አካባቢ ነርቮች ያልፋሉ። አብዛኛውን ጊዜ በስድስት ሳምንት ውስጥ ይለቃል። ማስታገሻ በሰዓቱ ይውሰዱ። አይቡፕሮፌን ወይም ዳይክሎፌናክ ከሆነ ምግብ ቀምሰው ይሁን፤ ጨጓራ ካለብዎት አስቀድመው ለሐኪሙ ይንገሩ። ሕመሙ ከባድ ከሆነ፣ እስከ እግር ከወረደ ወይም እግር ካደነዘዘ ግን ቀጠሮ ሳይጠብቁ ይታዩ።

ማታ ማታ ታች የሚከብድ ስሜት

ጠዋት ደህና ነዎት። ማታ ላይ ታች አካባቢ ይጎትታል፣ ይከብዳል። ምክንያቱ ከመቆምና ከማንሳት ሌላ ብዙም አይደለም። «ግን እኮ ሥራ አልጀመርኩም!» ይባላል። መሥሪያ ቤት አልገቡም እንጂ ቤት ውስጥ ሲሠሩ ነው የዋሉት።

እስቲ እናስላው። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሲሞላ ከ20 ኪሎ ይበልጣል። የሁለት ዓመት ሕፃን ከአሥር ኪሎ በላይ ነው። የሊጥ ባልዲ ማንሳት፣ ምጣድ ፊት ቆሞ መዋል፣ ቁጢጥ ብሎ ልብስ ማጠብ፣ ሶፋ ገፍቶ ማጽዳት፣ እነዚህ ሁሉ ከቢሮ ሥራ ይከብዳሉ። የሕመም ፈቃድ ወስዳ ቤት የዋለች ሴት ቢሮ ከገባችው ይልቅ የምትጎዳው ለዚህ ነው።

በመጀመሪያዎቹ ስድስት ሳምንታት የሞላ ባለ 5 ሊትር ጀሪካን እንኳ ይከብዳል ብለው ይያዙት። እስከ 12 ሳምንት ድረስ ውሃ መቅዳት፣ እንጨት መሸከም፣ ወፍጮ ቤት እህል ይዞ መሄድ የለም። እንጀራው ይገዛ ወይም ጎረቤት ትጋግር። ሕፃኑን ከመሬት አያንሡት፤ ሶፋ ላይ ወጥቶ እቅፍዎ ውስጥ ይግባ። ይህን ሁሉ ሴትየዋ ራሷ ተለማምጣ እንድታስፈጽም መተው ልክ አይደለም። ባል፣ ልጆች፣ እህት ወንድም ከሆስፒታል ከመውጣቷ በፊት ሥራውን ይከፋፈሉ። ውሃ የሚቀዳው ማን እንደሆነ በስም ይታወቅ።

ሲከብድዎት ከወገብ በታች ትራስ አድርገው ግማሽ ሰዓት ይተኙ። በዕረፍት የሚለቅ ከሆነ አያስፈራም።

እንደገና የወጣ ከመሰለዎት

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በእጅ ሲነካ የሚሰማው እብጠት ወይም የስፌቱ ጉብታ ሊሆን ይችላል። እየደጋገሙ በጣት አይፈትሹ። ተኝተው የማይገባ፣ እያደገ የሚሄድ ወይም ከብልት ውጭ የሚታይ ነገር ካለ ግን ይታዩ። ዳግም መውጣት አለ፤ ሕክምናም አለው።

ከባለቤትዎ ጋር መገናኘት ቢያንስ ስድስት ሳምንት፣ ከዚያም ሐኪም ቁስሉን አይቶ ሲፈቅድ ነው። ለመናገር ከከበደዎት ቀጠሮ ላይ ይዘውት ይግቡና ሐኪሙ ይንገረው።

ሥራ ጀምሬ አቃተኝ

ተቀምጦ የሚሠራ ሥራ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ባለው ጊዜ ሊጀመር ይችላል። ቆሞ የሚዋልበት ወይም ሸክም ያለበት፣ ማለትም ፋብሪካ፣ ጽዳት፣ ምግብ ቤት፣ በሽተኛ የምታነሣ ነርስ፣ 12 ሳምንት ገደማ ይጠብቃል። የመጀመሪያው ሳምንት ድካም ደግሞ ከሥራው ብቻ አይመጣም። የታክሲ ሰልፉ፣ የባጃጁ ንጠት፣ ደረጃው ተደምሮ ነው። ቢቻል የሰው ግፊያ ሲቀንስ ይግቡ፣ ሥራውንም ሐሙስ ወይም ዓርብ ይጀምሩት፤ ቅዳሜና እሑድ ያርፉበታል። ድካሙ ካልለቀቀዎት ደምዎ ይታይ።

አንዲት የማውቃት መምህርት ስትመለስ ከሰሌዳው አጠገብ ከፍ ያለ ወንበር አስቀመጠች። ጽሑፉ ቆንጆ የሆነ ተማሪ ሰሌዳ ላይ ይጽፍላታል፣ ደብተሩን የክፍሉ አለቃ ተሸክሞ ያመጣል። ለርእሰ መምህሩ «ቀዶ ሕክምና ነበረኝ፣ እስከ ሦስት ወር መቆምና ማንሳት ተከልክያለሁ» አለች እንጂ የምን ቀዶ ሕክምና እንደሆነ አልተናገረችም። የመናገር ግዴታም የለባትም።

ብዙዎችን ሳይድኑ ወደ ሥራ የሚመልሳቸው ደሞዝ ነው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት የሙከራ ጊዜዋን የጨረሰች ሠራተኛ በ12 ወር ውስጥ እስከ ስድስት ወር የሕመም ፈቃድ አላት። የመጀመሪያው ወር ሙሉ ደሞዝ፣ ቀጣዮቹ ሁለት ወራት ግማሽ፣ የቀሩት ሦስት ወራት ያለ ክፍያ። ስለዚህ ከአንድ ወር በኋላ ያለውን ጊዜ አስቀድመው ያስቡበት። ያልወሰዱት የዓመት ፈቃድ ካለ እዚያ ላይ እንዲገባልዎት ይጠይቁ። የመንግሥት ሠራተኛ ከሆኑ ሕጉ ሌላ ስለሆነ የሰው ኃይል ክፍልዎን ያነጋግሩ። በሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ ሴት ግን አዋጁ በቀጥታ አይደርስላትም። እሷ የቀዶ ሕክምናው ቀን ከመቆረጡ በፊት ከአሠሪዋ ጋር መነጋገር፣ ምስክር የሚሆን ሰውም ማስቀመጥ አለባት።

ከሆስፒታል ሲወጡ የሚሰጠው ወረቀት ላይ «ዕረፍት» ብቻ ተጽፎ ከሆነ አይቀበሉት። ስንት ሳምንት ዕረፍት እንደሆነ፣ ከዚያ በኋላ እስከ መቼ ከስንት ኪሎ በላይ እንደማያነሡ፣ ለረጅም ሰዓት መቆም እንደማይፈቀድልዎት በግልጽ ይጻፍ፤ ማኅተሙም ይታይ። አንዱን ለአለቃዎ ይስጡ፣ ቅጂውን ቤትዎ ያስቀምጡ። ቅጂው ለቤተሰብም ይነበብ።