የዕጣን ማጨሻ ከሸክላ እንዴት እንደሚሠራ

ከልጅነቴ ጀምሮ ጭቃ ሳይ ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። ለጀማሪ ግን ጀበና አልመክርም፤ አንገቱ ያስቸግራል። ምጣድም በስፋቱ የተነሳ ቶሎ ይሰነጠቃል። የዕጣን ማጨሻ ትንሽ ነው፤ ወፈር ቢልም አያስከፋም።

መጀመሪያ አፈሩ። ከወንዝ ዳር ወይም መሠረት ከሚቆፈርበት ቦታ የሚያጣብቅ አፈር ውሰዱ። አርሱትና በእርሳስ ውፍረት አድቦልብሉት። ጣታችሁ ላይ ስትጠመጥሙት ካልተሰባበረ ይሆናል።

አፈሩን አድርቁ፣ ውቀጡ፣ በወንፊት ንፉ። ቀጥሎ ገል ያስፈልጋል። የተሰበረ ጀበና ካላችሁ አትጣሉት። አድቅቁና ለአራት እጅ አፈር አንድ እጅ ጨምሩ። ገል አንዴ እሳት ያየ ስለሆነ ሲደርቅ አይኮማተርም፤ የጭቃውን መሰንጠቅ ይቀንሳል። አሮጌው ጀበና አዲሱን ዕቃ ደግፎ መያዙ ሁሌም ደስ ይለኛል። ውሃ ጨምራችሁ አቡኩት፣ በፌስታል ሸፍናችሁ አሳድሩት። በማግስቱ እንደገና በደንብ እሹት።

አሁን ብርቱካን የሚያህል ጭቃ ያዙ። መሃሉን በአውራ ጣት ጎድጎድ አድርጉና እያዞራችሁ ጠርዙን ወደ ላይ ሳቡ። ውፍረቱ የትንሽ ጣት ያህል ይሁን። ለእግሩ ጭቃውን እንደ ገመድ አድቦልብላችሁ ዙሪያውን ደራርቡ፤ መጋጠሚያውን በጣት አጥፉት። ሁለቱን ከማያያዛችሁ በፊት በሹካ ጫር ጫር አድርጉና ቀጭን ጭቃ ቀቡ። ካልተጫረ ሲደርቅ ይላቀቃል።

ሸክላ ሠሪዎች በሚኖሩበት በአዲስ አበባው ቀጨኔ ሰፈር አንዲት እናት የጀበና ሆድ በእርጥብ ጨርቅ ሲያለሰልሱ ቆሜ አይቻለሁ። እያወሩኝ ዓይናቸው እኔ ላይ ነበር። ውፍረቱን የሚያውቁት በጣታቸው ነው። እነዚህን ባለሙያዎች ሰው በንቀት ስም ሲጠራቸው ኖሯል። በጣም ያሳዝነኛል፤ ቡናችን የሚፈላው እነሱ በሠሩት ዕቃ ነው።

ዕቃው ጠንከር ሲል፣ ጥፍር እየጫረው ጣት ግን የማይሰረጉደው ጊዜ፣ በለስላሳ የወንዝ ጠጠር እሹት። ያብረቀርቃል። ከዚያ ነፋስ በማይበዛበት ጥላ ሥር ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይድረቅ።

እዚህ ላይ አትቸኩሉ። እኔ አንዴ በዓል ደረሰብኝ ብዬ በአራተኛው ቀን እሳት ውስጥ ከተትኩት። ሲፈነዳ የሰማሁት ድምፅ እስከ ዛሬ ጆሮዬ ላይ አለ። በጭቃው ውስጥ የቀረው ውሃ እንፋሎት ሲሆን መውጫ ካጣ ዕቃውን ይበትነዋል። ስለዚህ ዕቃውን ጉንጫችሁ ላይ አስጠግታችሁ ሞክሩ። ከቀዘቀዛችሁ ገና እርጥበት አለው።

የምታቃጥሉት ከቤት ርቃችሁ፣ ሜዳ ላይ ነው። በቅድሚያ እሳት ዳር አድርጋችሁ፣ እያገላበጣችሁ አንድ ሁለት ሰዓት አሙቁት። ከዚያ ኩበትና እንጨት ላይ አስቀምጡት፤ ከላይም በኩበትና በደረቅ ሣር ሸፍኑት። ጭቃ ተመልሶ በውሃ የማይሟሟው ከ600 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ በላይ ሲግል ነው፤ ዕቃው ደብዘዝ ያለ ቀይ ይሆናል። ጥቁር ከፈለጋችሁ እንደጋለ በገለባ አልብሱት፤ ጭሱ ያጠቁረዋል። አመዱ ውስጥ እንዳለ ይደር።

ጠዋት በጥፍራችሁ መታ አድርጉት። ጥርት ያለ ድምፅ ከሰጠ በስሏል። የታፈነ ድምፅ ከሆነ የተደበቀ ስንጥቅ ይኖረዋል። ውስጡ ትንሽ አመድ አንጥፉ፣ ፍም ጨምሩ፣ ዕጣን ጣል አድርጉበት።