ኮምፓይለሩ ሄደር ፋይል የት የት ይፈልጋል?

«አጎቴ፣ ፋይሉን አስተካክያለሁ፤ ፕሮግራሙ ግን ያው ነው» አለችኝ የእህቴ ልጅ። ደሴ ፒያሳ ካፌ ቁጭ ብለናል። አባቷ ሰኞ ሰኞ ባቲ ገበያ ፍየል ይሸጣል። እሷ ሂሳቡን የሚይዝለት ፕሮግራም በሲ ቋንቋ እየጻፈችለት ነው። «አብሽሪ» አልኳት። ኮዷ ደህና ነው። ኮዱን ወደሚሠራ ፕሮግራም የሚቀይረው ኮምፓይለር ሄደሩን (ኮዱ ከውጭ ጠርቶ የሚጠቀምበትን ፋይል) ያነሳው እሷ ካሰበችው ፎልደር አልነበረም እንጂ።

ይህ ነገር የስንቱን ሰው ቀን እንደበላ አይቻለሁ። ጂሲሲ በሚባለው የሲ ኮምፓይለር ፍለጋው እንዴት እንደሚሠራ ላሳያችሁ።

መጀመሪያ የኢንክሉድ መስመሩን፣ ማለትም ኮዱ ውስጥ ሄደሩን የሚጠራውን መስመር፣ እዩ። የፋይሉ ስም በትምህርተ ጥቅስ ውስጥ ነው ወይስ በ< > ውስጥ? በጥቅስ ከሆነ ፍለጋው የሚጀምረው ያ መስመር የተጻፈበት ፋይል ካለበት ፎልደር ነው። ልብ በሉ፣ እናንተ ተርሚናል (ትእዛዝ የሚጻፍበት መስኮት) ላይ ካላችሁበት ፎልደር አይደለም። ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ጋ ነው። በ< > ከሆነ ይህን ደረጃ ይዘለዋል።

እዚያ ካጣው፣ ኮምፓይል ማድረጊያው ትእዛዝ ላይ በሰረዝና በካፒታል አይ ወደሰጣችሁት ፎልደሮች ይሄዳል፤ በጻፋችሁበት ተራ፣ ከግራ ወደ ቀኝ። መጨረሻ ላይ የሲስተሙን ፎልደሮች ያያል። ሊኑክስ ላይ አብዛኛውን ጊዜ /ዩኤስአር/ሎካል/ኢንክሉድ እና /ዩኤስአር/ኢንክሉድ አሉበት። ስሙ የገጠመለትን የመጀመሪያ ፋይል ሲያገኝ ግን እዚያው ያቆማል። ሌላ አዲስ ቅጂ ይኖር ይሆን ብሎ ወደ ፊት አይሄድም።

የእህቴ ልጅ የኮቴ ክፍያውን መጠን የያዘችው ኮቴ.ኤች በሚባል ሄደር ነው። ይኸው ፋይል «አሮጌ» እና «አዲስ» በሚሉ ሁለት ፎልደሮች ውስጥ አለ። ትእዛዙ ላይ አሮጌ ቀድሟል። እሷ አዲሱን ታርማለች፣ ኮምፓይለሩ አሮጌውን ያነባል። ስህተት አለ የሚል መልእክት እንኳ አይመጣም። ክፋቱ ይሄ ነው።

ስለዚህ አትገምቱ፣ ራሱን ጠይቁት። ትእዛዙ ላይ ሰረዝና ትንሿን ቪ ጨምሩ፤ የሚፈልግባቸውን ፎልደሮች በተራ ይዘረዝርላችኋል። የሌለ ፎልደር ሰጥታችሁት ከሆነም እንዳለፈው ይነግራችኋል። ከዚያ ሰረዝና ካፒታል ኤች ጨምሩ። የከፈተውን እያንዳንዱን ሄደር ከነፎልደሩ ያሳያል፤ ከፊቱ ያሉት ነጥቦች ብዛት ስንተኛ ደረጃ ላይ እንደተጠራ ይጠቁማል።

እኛም እንዲሁ አደረግን። ስክሪኑ ላይ «አሮጌ/ኮቴ.ኤች» ብሎ ወጣ። አፏን በእጇ ያዘች። አሮጌን ከትእዛዙ አውጥታ እንደገና ኮምፓይል ስታደርገው ሂሳቡ በአዲሱ ኮቴ መጣ።