የዛገች ፉርጎ እንዳትጥሉ

ወደ 2800 ሜትር ከፍታ ላይ ያለችው የደብረ ብርሃን ጤዛ ለቆርቆሮ አይራራም። ከቆጥ ያወረድኳት የድሮ የመጫወቻ ባቡር ፉርጎም መንኮራኩሮቿ ዝገው አልዞርም ብለው ነበር። ፈታኋቸውና አቼቶ ውስጥ አሳደርኳቸው። ጠዋት አቼቶው የቡና አተላ መስሏል! በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ፈተግ ፈተግ፣ ከዚያ ቤኪንግ ሶዳ በተበጠበጠበት ውሃ ማለቅለቅ። ይቺን እንዳትዘሏት፤ አሲዱ ከቀረ ዝገቱ ቶሎ ይመለሳል። ወዲያው ምድጃ ዳር አደረቅኳቸው። ጠብ የምትል የስፌት መኪና ዘይት፣ አለቀ።

ቀለም ያለውን ገላዋን ግን አቼቶ አታስነኩት፤ ሥዕሉን ይዞት ሊሄድ ይችላል። ዘይት በነካ ጨርቅ ቀስ ብሎ ማሸት ይበቃል። በብርጭቆ ወረቀትም አትፈግፍጉት። የድሮ ቀለም እርሳስ የሚባለው ብረት ሊኖርበት ይችላል፤ አቧራው በተለይ ለልጆች መርዝ ነው።