«ዲሊንግ»ን ፈልጎ ማግኘት፦ ስለ ሂፒ ዘመን ማሪዋና አዘዋዋሪዎች የተጻፈውን ብርቅዬ ልብ ወለድ እንዴት እንደሚያገኙት፣ እንደሚገዙትና እንደሚያነቡት

ሙሉ ርዕሱ «ዲሊንግ፦ ኦር ዘ በርክሌይ-ቱ-ቦስተን ፎርቲ-ብሪክ ሎስት-ባግ ብሉዝ» (Dealing: Or the Berkeley-to-Boston Forty-Brick Lost-Bag Blues) ነው፤ በግርድፉ «ንግድ፦ ወይም ከበርክሌይ ወደ ቦስተን የአርባ ጡብና የጠፋ ሻንጣ ብሉዝ» እንደማለት። ማሪዋና ከካሊፎርኒያ ወደ ቦስተን ስለሚያመላልሱ ወጣቶች የሚተርክ ፈጣንና ተሳላቂ ልብ ወለድ ሲሆን ያሳተመው የኒው ዮርኩ ክኖፍ ነው። ሽፋኑ ላይ የሰፈረው የደራሲ ስም ማይክል ዳግላስ ይላል፤ ይህ ግን ኋላ «ጁራሲክ ፓርክ»ን የጻፈው ማይክል ክራይተንና ታናሽ ወንድሙ ዳግላስ ስማቸውን አጋጥመው ያወጡት የብዕር ስም ነው። መጽሐፉን ፈልገው ከሚያጡት ሰዎች አብዛኞቹን የሚያሳስታቸውም ይኸው ስም ነው።

ፍለጋው

«ማይክል ዳግላስ» ብላችሁ ብትፈልጉ የሚመጣላችሁ የፊልም ተዋናዩ ነው። «ዲሊንግ» ብቻ ብትሉ ደግሞ የንግድና የካርታ ጨዋታ መጻሕፍት ይከመሩባችኋል። የሚሠራው ከንዑስ ርዕሱ ሁለት ቃል ወስዶ በላቲን ፊደል መጻፍ ነው፦ «ፎርቲ ብሪክ» ወይም «ሎስት ባግ»፣ ያለ ሰረዝ። አንዳንድ ሻጮች ሰረዞቹን ስለሚተዉና አንዳንዶቹ ቃላቱን ስለሚያጋጥሙ፣ ርዕሱን በሙሉ በጥቅስ ምልክት ውስጥ አስገብቶ መፈለግ ያሉትን ቅጂዎች ይደብቃል።

ዓመተ ምሕረት አትገድቡ። ግማሹ ካታሎግ 1970 ሲል ግማሹ 1971 ይላል፤ አንዱን ብቻ ከመረጣችሁ የሌላው ወገን ቅጂ በሙሉ ከዓይናችሁ ይጠፋል። በደራሲ ስም ስትፈልጉ ደግሞ ሁለት ጊዜ ፈልጉ፣ አንዴ በዳግላስ፣ አንዴ በክራይተን። አዋቂ ሻጭ ከክራይተን ሥራዎች ጋር ይመዘግበዋል፤ ዋጋውም ያኔ ከፍ ይላል። ማንነቱን ሳያውቅ በዳግላስ ስም የመዘገበው ሻጭ ዘንድ ግን ያው መጽሐፍ ረክሶ ሊገኝ ይችላል።

አንድ ተጨማሪ መሰናክል አለ። በ1972 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር፣ እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንዲሁ ናቸው) መጽሐፉ በዚያው ርዕስ ፊልም ሆኗል። ስለዚህ ፖስተሮችና የማስታወቂያ ፎቶዎች ከመጽሐፉ ጋር ተደባልቀው ይመጣሉ፤ የፍለጋውን ዘርፍ «መጻሕፍት» በሚለው ወስኑት።

ለግዢ የአሮጌ መጻሕፍት ድረ ገጾቹ ኤብቡክስ (AbeBooks)፣ ቡክፋይንደር (BookFinder) እና ቪያሊብሪ (viaLibri) ይበቃሉ። የኋለኞቹ ሁለቱ የብዙ ገበያዎችን ዝርዝር አንድ ላይ ያሳያሉ። ማንበብ ብቻ ከሆነ ፍላጎታችሁ ግን ገንዘብ አታውጡ፤ የብዙ ቤተ መጻሕፍትን መዝገብ አንድ ላይ በሚያሳየው ወርልድካት (WorldCat) ድረ ገጽ ላይ ርዕሱን ጻፉና በየትኛው ቤተ መጻሕፍት እንዳለ እዩ። አሜሪካ የምትኖሩ የሰፈራችሁ ቤተ መጻሕፍት ካርድ ካላችሁ፣ ከሌላ ከተማ ቤተ መጻሕፍት በውሰት እንዲያስመጣላችሁ የጥያቄ ቅጽ ሙሉ። ብዙ ጊዜ በነፃ ወይም በጥቂት ክፍያ ነው። «ነፃ ፒዲኤፍ» ብለው የሚጠሩ ገጾችን እለፏቸው፤ መጽሐፉ ገና በቅጂ መብት የተጠበቀ ነው፣ አውርዱ የሚሉት ፋይልም አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ጣጣ ይዞ ይመጣል።

ቅጂውን መመርመር

እዚህ ላይ ጊዜ ውሰዱ፣ ገንዘብ የሚባክነው እዚህ ነውና። በመጀመሪያ ደረጃ፣ በአሮጌ መጽሐፍ ገበያ «ጉድ» ማለት ጥሩ ማለት አይደለም። ቅደም ተከተሉ «ፋይን»፣ «ቬሪ ጉድ»፣ «ጉድ»፣ «ፌር»፣ «ፑር» ነው፤ «ጉድ» የተባለው መጽሐፍ ሙሉ ነው፣ ግን ብዙ አገልግሏል። በሁለት ደረጃዎች መካከል እዝባር (/) ተደርጎ «ቬሪ ጉድ/ጉድ» ከተጻፈ፣ የመጀመሪያው ስለ መጽሐፉ፣ ሁለተኛው ስለ ተደራቢ የወረቀት ሽፋኑ ነው። ከእዝባሩ ኋላ ምንም ከሌለ ወይም ሰረዝ ብቻ ካለ ተደራቢ ሽፋኑ የለም ማለት ነው። ለሰብሳቢ ደግሞ የዋጋው ትልቁ ክፍል ያለው በዚያ ወረቀት ላይ ነው።

ከመክፈላችሁ በፊት ሻጩን እነዚህን ፎቶዎች ጠይቁት፦ የፊት ሽፋን፣ የጥራዙ ጀርባ (ገጾቹ የተጠረዙበት ጎን)፣ የተደራቢው ሽፋን የውስጥ እጥፋት ከላይኛው ጥግ ጋር፣ የቅጂ መብት ገጽ፣ የኋላው ጠንካራ ሽፋን የታችኛው ቀኝ ጥግ። እያንዳንዱ የሚነግራችሁ ነገር አለ።

የቅጂ መብት ገጹ ላይ ክኖፍ በመጀመሪያ እትሞቹ «ፈርስት ኤዲሽን» ብሎ በግልጽ ያትማል፤ ሁለተኛ ወይም ሦስተኛ ኅትመት የሚል ካለ የመጀመሪያው አይደለም፣ ሻጩ የፈለገውን ይበል። የውስጥ እጥፋቱ ጥግ ላይ የታተመ ዋጋ መኖር አለበት። ጥጉ በመቀስ ተቆርጦ ከሆነ ለስጦታ ሲባል ዋጋው ተነሥቶ ይሆናል፣ ወይም ደግሞ የመጽሐፍ ክለብ እትም (ለክለብ አባላት በርካሽ የታተመ) መሆኑ እንዳይታወቅ ነው። ያን ጊዜ የኋላውን ሽፋን ታችኛ ጥግ እዩ፤ ቀለም የሌላት፣ በጣት የምትዳሰስ ትንሽ ክብ ወይም ካሬ ጉድጓድ ካለች የክለብ እትም ምልክት ናት። የጥራዙ ጀርባ ከፊቱ ይልቅ ከገረጣ መጽሐፉ መስኮት አጠገብ ኖሯል፤ ይህ አይታከምም።

«ኤክስ ላይብረሪ» (ከቤተ መጻሕፍት የወጣ) የሚል ካያችሁ ማኅተም፣ የተለጠፈ ኪስና የሙጫ ጠባሳ ጠብቁ። ለማንበብ ግን የተሻለ ምርጫ የለም፤ ርካሽ ነው፣ ተደራቢ ሽፋኑም ብዙ ጊዜ በፕላስቲክ ተጠብቆ የቆየ ነው። በመጨረሻም በፎቶ የማይታየውን ጠይቁ፦ የሲጋራ ወይም የሻጋታ ሽታ አለው?

አዲስ አበባ ማድረስ

አሜሪካዊ ሻጮች ርካሽ ብለው የሚያቀርቡት የፖስታ ዓይነት «ሚዲያ ሜይል» ነው፤ እሱ ግን ከአሜሪካ ግዛት አይወጣም። ወደ ኢትዮጵያ ሲሆን የመላኪያው ዋጋ ከመጽሐፉ ሊበልጥ ይችላል። የተለመደው መፍትሔ ሜሪላንድ ወይም ቨርጂኒያ ያለ ዘመድ ዘንድ አስልኮ በሰው እጅ ማስመጣት ነው። ለሚያመጣው ሰው በሁለት ካርቶን መሐል አጣብቆ፣ በሚዘጋ ላስቲክ ከቶ፣ በእጅ ሻንጣ እንዲይዘው ንገሩት። ከሽቶና ከሎሽን ጋር ተጭኖ የመጣ መጽሐፍ ዓመት ሙሉ ይሸታል። ስለ ጠፋ ሻንጣ የተጻፈን መጽሐፍ ደግሞ ለአውሮፕላን ጭነት አሳልፎ መስጠት ድፍረት ነው።

በፖስታ ከመጣ አድራሻው የፖስታ ሣጥን ቁጥርና የተቀባይ ስልክ ይኑረው፤ የሰፈር ስም ብቻ የተጻፈበት ጥቅል ተመልሶ የመሄድ ዕድሉ ሰፊ ነው።

አያያዝ

የዚያ ዘመን ለስላሳ ሽፋን መጻሕፍት ሙጫቸው ደርቋል፣ ወረቀታቸውም አሲድ ስላለበት ይሰባበራል። ለጥጣችሁ ጠረጴዛ ላይ ብትዘረጉት ጀርባው «ቀጭ» ይልና ገጾቹ በጥቅል ይለቃሉ። በሁለት እጅ ይዛችሁ ከዘጠና ዲግሪ ብዙም ሳታልፉ ክፈቱ። የላላ ገጽ በፕላስተር አታጣብቁ፤ ከጥቂት ዓመት በኋላ ፕላስተሩ ይለቃል፣ ቡናማው ቆሻሻ ግን ወረቀቱ ላይ ይቀራል። ሽታ ካለው ክዳን ባለው ዕቃ ውስጥ፣ ከተከፈተ የቤኪንግ ሶዳ ጣሳ ጎን (ዱቄቱ መጽሐፉን ሳይነካ) ለአንድ ሳምንት አስቀምጡት። ፀሐይ ላይ አታስጡት፤ ሽታው ቢቀንስም ቀለሙ ይሄዳል።

አነባበብ

በዘመኑ ቋንቋ የተሞላ ነው፤ አራት ቃል ይዛችሁ ግቡ። «ብሪክ» በጡብ ቅርጽ ተጠቅጥቆ የታሸገ ማሪዋና ነው፣ ኪሎ ገደማ። «ሊድ» አንድ አውንስ ያህል፣ «ናርክ» የአደንዛዥ ዕፅ ፖሊስ፣ «ባስት» መያዝ። በርዕሱ ላይ ያለው አርባ ቁጥር ለማሳመር የገባ አይደለም፤ ከመጀመሪያው ጀምራችሁ ጡቦቹን ቁጠሩ።

የዛሬ አንባቢ «እንዴት ይህን ሁሉ በሻንጣ ይዞ አውሮፕላን ይሳፈራል?» ብሎ ይደናቀፋል። በአሜሪካ ኤርፖርቶች መንገደኛን ሁሉ መፈተሽ ግዴታ የሆነው ገና በጥር 1973 ነው። በመስከረም 1969 የፕሬዚዳንት ኒክሰን መንግሥት «ኦፕሬሽን ኢንተርሴፕት» ብሎ የሜክሲኮን ድንበር ሊዘጋው ምንም አልቀረውም ነበር፤ አዲሱ የዕፅ ቁጥጥር ሕግ የተፈረመውም በጥቅምት 1970 ነው። መጽሐፉ የተጻፈው በዚህ መሐል ስለሆነ፣ ገጸ ባሕርያቱ ፖሊስን የሚፈሩበትና የሚንቁበት መንገድ ከዚያ ወዲህ ከመጡት የወንጀል ልብ ወለዶች ይለያል።

ፊልሙን ቀድማችሁ አትዩት። ተዋናዩ ጆን ሊትጎው ለመጀመሪያ ጊዜ ፊልም ላይ የታየበት መሆኑ ለሲኒማ ወዳጅ ይስባል፤ የመጽሐፉ ትልቁ ሀብት ግን የተራኪው ምላስ ነው፣ እሱም ወደ ፊልም በቀላሉ አይሻገርም። ካነበባችሁ በኋላ ሌላ ካማራችሁ፣ ክራይተን በ1966 እና በ1972 መካከል ጆን ላንግ በሚል የብዕር ስም ስምንት ልብ ወለዶች አውጥቷል። እነሱን ሃርድ ኬስ ክራይም በ2013 ስላሳተማቸው ያለ ብዙ ድካም ይገኛሉ።