«ኬዳር» የተባለውን የስፓኒሽ ግስ እንዴት እንለምደው?

ስፓኒሽ የጀመረ ሰው ከ«ኬዳር» አያመልጥም። ሱቅ ውስጥ አለ፣ ስልክ ላይ አለ፣ ቀጠሮ ሲያዝም ልብስ ሲለካም አለ። መዝገበ ቃላት ስትገልጡ ግን መቅረት፣ መቆየት፣ መገኘት፣ መቀጣጠር፣ ልክ መሆን እያለ ይደረድርላችኋል። ያንን ዝርዝር አትሸምድዱ። አማርኛ የሚናገር ሰው የሚሻል መንገድ አለው፤ «ቀረ» ከሚለው የራሳችን ግስ መነሳት።

1. እርባታውን ቶሎ ጨርሱት

ኬዶ (እኔ)፣ ኬዳስ (አንተ፣ አንቺ)፣ ኬዳ (እሱ፣ እሷ፣ እርስዎ)፣ ኬዳሞስ (እኛ)፣ ኬዳን (እነሱ)። መደበኛ ግስ ስለሆነ አያስቸግርም። ሲጻፍ (quedar) መሃሉ ላይ የ«ኡ» ፊደል (u) ታያላችሁ፤ አይነበብም። «ኩዌዳር» አትበሉ።

2. «ቀረኝ»ን ያዙ

ዋናው ነገር እዚህ ጋ ነው። በአማርኛ «ሃያ ብር ቀረኝ» ስንል የቀረው ብሩ ነው። እኛ ግሱ ጫፍ ላይ «ኝ» ሆነን እንለጠፋለን። ስፓኒሽም ልክ እንዲሁ ያደርጋል፦ «ሜ ኬዳን ዶስ ኤውሮስ»፣ ሁለት ዩሮ ቀረኝ። «ሜ» የእኛ «ኝ» ናት፤ ከግሱ ፊት ትቀመጣለች እንጂ ሥራዋ ያው ነው። «ቴ» ደግሞ «ህ» ወይም «ሽ» ናት፣ «ኖስ» «ን» ናት።

ብዙዎቻችን ስፓኒሽን የምንማረው በእንግሊዝኛ መጽሐፍ ወይም አፕ ነው። በዚያ በኩል ሲመጣ ይህ አሠራር ተገልብጦ ይታያል፣ ተማሪውም ይንገዳገዳል። በቀጥታ ከአማርኛ ተሻገሩ፤ ጭንቅላታችሁ ውስጥ ያለ ነገር ነው።

አንድ ቦታ ላይ ግን ተጠንቀቁ። እኛ «ሁለት ዩሮ ቀረኝ» ስንል ግሱን አናበዛውም። ስፓኒሽ ያበዛዋል። ነገሩ ብዙ ከሆነ «ኬዳን»፣ አንድ ከሆነ ወይም የማይቆጠር ከሆነ «ኬዳ»። ዳቦ ቤት ገብታችሁ «ኖ ኬዳ ፓን» ከተባላችሁ ዳቦ አልቋል። «ኖ ኬዳን ኤንትራዳስ» ከተባላችሁ ትኬቶቹ አልቀዋል።

3. ወደ ልብስ ሱቅ ውሰዱት

ያችው «ሜ» እዚህም ታገለግላለች። ጃኬት ለብሳችሁ «ሜ ኬዳ ግራንዴ» ካላችሁ ሰፋኝ ማለት ነው። ጫማ ከሆነ ጥንድ ነውና «ሜ ኬዳን ግራንዴስ» ይሆናል። ጓደኛችሁ «ቴ ኬዳ ቢየን» ካለች ያምርብሻል ማለቷ ነው። ሻጩን «ሜ ሎ ኬዶ» በሉት፤ እወስደዋለሁ ማለት ነው።

4. «ሜ ኬዳ»ንና «ሜ ኬዶ»ን ለዩ

በአንዲት ድምፅ ነው የሚለያዩት፤ ትርጉማቸው ግን ሩቅ ነው። «ሜ ኬዳ» ሲባል የሚቀረው ነገሩ ነው። «ሜ ኬዶ» ሲባል የምቀረው እኔ ራሴ ነኝ። «ሜ ኬዶ ኤን ካሳ»፣ ቤት እቀራለሁ። ላለፈ ጊዜ «ኬዶ» «ኬዴ» ይሆናል፦ «ሜ ኬዴ ሲን ዲኔሮ»፣ ያለ ገንዘብ ቀረሁ። እስካሁን «ቀረ» አልከዳንም። «ሜ ኬዴ ዶርሚዶ» ላይ ግን አማርኛው «እንቅልፍ ወሰደኝ» ይሆናል፤ ተናጋሪዋ ሴት ከሆነች «ዶርሚዳ» ትላለች።

5. ቀጠሮ ላይ «ቀረ»ን ተዉት

ስፔን ውስጥ «ኬዳሞስ አ ላስ ሲንኮ?» ከተባላችሁ «በአምስት ሰዓት እንገናኝ?» ማለት ነው። ሰዓቱ የእነሱ ነውና ከቀትር በኋላ ከሆነ በእኛ አሥራ አንድ ሰዓት ነው። «ኤ ኬዳዶ ኮን ማሪያ» ማለትም ከማሪያ ጋር ቀጠሮ ይዣለሁ ማለት ነው። እኛ «ማሪያ ቀረች» ስንል ሳትመጣ ቀረች ማለታችን ነው፤ እዚያ «ኬዳር» አይገባም። «ማሪያ ኖ ቢኖ»፣ አልመጣችም፣ በሉ።

ቦታ ለማመልከትም ያገለግላል፦ «ላ ፋርማሲያ ኬዳ ሴርካ»፣ ፋርማሲው ቅርብ ነው። ይህ ከቦታው ለማይነቃነቅ ነገር ነው፤ ለሰው አትጠቀሙበት።

6. ከራሳችሁ ቀን ዓረፍተ ነገር አውጡ

ፍሪጅ ስትከፍቱ ወተት ከሌለ «ኖ ኬዳ ሌቼ» በሉ። ታክሲ ውስጥ ሆናችሁ «ኩዋንቶ ኬዳ?»፣ ምን ያህል ይቀራል? በሉ። ድምፅ አውጥታችሁ ይሁን፤ በልብ የተባለ ምላስን አያፍታታም።

የሚያናግራችሁ ሰው ካስፈለገ ኩባ የተማሩትን ፈልጉ። እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ብዙ ሺህ ኢትዮጵያውያን ልጆች ወደዚያ ሄደው ተምረዋል፤ ብዙዎቹም የወጣቶች ደሴት በምትባለው ላይ ነበሩ። ዛሬ ትልልቅ ሰዎች ናቸው፣ ስፓኒሹን የሚያወራቸው ሲያገኙም ደስ ይላቸዋል። የኩባ አነጋገር የቃል መጨረሻ «ስ»ን ስለሚውጥ «ኬዳሞስ» «ኬዳሞ» መስሎ ቢሰማችሁ ግር አይበላችሁ።